ኳስ የምትለቅ ክንድ

ላንቃሞ ክንዱን ከትከሻው ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ሲያጋድማት ፈትለወርቅ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ሻይዋን ጨርሳ፣ ብርጭቆውን ገፋ አድርጋ፣ «ደግሞ ምን አደረገች?» አለችው።

«ለቀቀች።»

«መቼም አንተ አልለቀቅክ።»

«እናቴ ትሙት ፈትሌ! ደረቴ ላይ ለጥፌ ይዤው ነበር። ጣቶቿ ድንገት ብርግድ ብለው ተከፈቱ፣ ኳሱም ዱብ አለ። እኔ ምን ላድርግ?»

ይህ የሆነው በአዋሽ ሸለቆ፣ ጥላ በምትባለው ከተማ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከላይዋ ከተዘረጋው የፀሐይ ሸራ ነው፤ ሸራው ሙቀቱን ይበላል፣ መብራት ያወርዳል፣ አንዳንዴም ይቀደድና ሕዝቡ ተሰብስቦ በቀዳዳው ሰማይ ያያል። እዚያ አገር ሰው ሠራሽ ክንድ ብርቅ አይደለም። ላንቃሞ የገዛ ክንዱን የሸንኮራ ማጨጃ ማሽን ቆርጦበት ነው ይቺን ያገኘው። «ነርቭ ሰሚ» ትባላለች፤ ከአንጎል የሚወርደውን ትእዛዝ ትከሻ ላይ ጠብቃ ትቀበልና፣ ባለቤቱ ገና አስቦ ሳይጨርስ ትፈጽማለች። የሠራቻት ፈትለወርቅ ናት። ስለዚህ ክንዷ ለቀቀች ማለት ፈትለወርቅን መስደብ ነው።

ጨዋታውንማ ከጥንትም ትንቀዋለች። አሜሪካኖች «እግር ኳስ» ይሉታል፤ በእጅ ታቅፎ የሚሮጥን ነገር እግር ኳስ ብሎ የሰየመው ሰው ያን ቀን ምን ጠጥቶ እንደነበር እግዜር ይወቅ። የጥላ ሰው ቢያንስ «እቅፍ ኳስ» ብሎ አስተካክሎታል። ጎረምሳው ሁሉ የራስ ቁር ደፍቶ እንቁላል በመሰለች ኳስ ይላተማል፤ ከዚያ ክብ ሠርቶ ይመካከራል፤ ተመካክሮ ይላተማል። «ስብሰባ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» ትላለች ፈትለወርቅ፤ ግን ደመወዟን የሚከፍላት የአዋሽ አዞዎች ክለብ ስለሆነ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትለው።

ክንዷን ገና ሳትከፍት በሩ ተበረገደና አቶ ልዑልሰገድ ገቡ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ናቸው። ድንቄም ፕሬዚዳንት! ከሳቸው ቀድሞ የሚገባው ሽቷቸው ነው፤ ከሽቷቸው ቀጥሎ ደግሞ ኮታቸው ላይ የሰኳት ማሽን ድምፅ። ማሽኗን ገማች ይሏታል። ጨዋታ ሁሉ ታያለች፣ ማን ለምን እንደተሸነፈ ትናገራለች። አቶ ልዑልሰገድ ገማች ሳትፈቅድ ምሳ አይበሉም ይባላል።

«ንገሪያቸው» አሏት ገማችን፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

«ኳስ የሚነጠቅ ቡድን ይሸነፋል» አለች ገማች።

አቶ ልዑልሰገድ ዙሪያውን አዩ፤ ጭብጨባ የጠበቁ ነው የሚመስሉት። ንጥቂያ ማለት፣ እያጠቃ ያለ ቡድን ኳሱን ከእጁ ጥሎ ወይም አበላሽቶ ወርውሮ ባላጋራው ሲወስድበት ነው። ይህ ጎጂ መሆኑን ለማወቅ ማሽን ተገዝቷል።

«ይኼንንማ ወንበሩም ያውቀዋል» አለች ፈትለወርቅ።

«አታቃልይ! ታውቂያለሽ ንጥቂያ ምን እንደሚያደርግ?»

አታውቅም ነበር። ላንቃሞ ነው በቀረችው እጁ እየጠቆመ ያስረዳት። «አንዷ ንጥቂያ ሁለት ጥፊ ናት። ነጥብ ልታገባበት የነበረውን ተራህን ታጣለህ፤ ያ አንድ። ባላጋራህ ደግሞ ከሩቅ መነሳቱ ቀርቶ አፍንጫህ ሥር ይጀምራል፣ ሁለት እርምጃ ሮጦ ያገባብሃል። ከዚያ በኋላ ኳስ አከፋፋያችን ይፈራል። አርቆ መወርወር ይተዋል፣ እዚሁ በዚሁ ይንፏቀቃል። አንድ ጊዜ እኔ ስጥል ቡድኑ በሙሉ እጁ ይንቀጠቀጣል።»

«ከኔ ማሽን በላይ ገባህ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ። «እንግዲያው ስማ። እሁድ ከጊቤ ጉማሬዎች ጋር ነን። አንዲት ንጥቂያ ካንተ እጅ ትውጣና፣ ክንዷን እዚሁ አውልቀህ ትሰናበታለህ። የክለቡ ንብረት ናት።»

ላንቃሞ ፊቱ አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ ያለሷ እኮ ጫማዬን ማሰር አልችልም።»

«ማሰሪያ የሌለው ጫማ ሞልቷል» አሉና ወጡ።

ፈትለወርቅ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ፣ እዚህ ሊጻፍ የማይችል ነገር ተናገረች። ከዚያ ክንዷን ገልብጣ ፈታታቻት። ሞተሩ ጤነኛ፣ ጅማቱ ጤነኛ፣ የነርቭ መስመሩ እንደ ጥርስ የነጣ። ምንም የለባትም። አንድ ነገር ቢገኝባት ደስ ባላት፤ ይህቺ ግን ጤነኛ ሆና ነው የምትከዳው።

የጨዋታውን ቅጂ አስመጣች። ላንቃሞ ኳሱን ይዞ ይሮጣል፣ ተከላካይ ይጠመጠምበታል፣ ክንዷ ትከፈታለች። ሌላ ጨዋታ፣ ሌላ ተከላካይ፣ ያው መከፈት። ቅጂው ድምፅ የለውም። «ምነው ዲዳ ሆነ?» ብትለው ላንቃሞ ሳቀ። ደጋፊው ተነስቶ አቶ ልዑልሰገድን ከነዘር ማንዘራቸው ስለሚሰድብ፣ ክለቡ ከቅጂው ላይ ድምፁን አጥፍቶታል። ገማችም የምታየው ይኼንኑ ዲዳ ቅጂ ነው። ስድብ ፈርተው ማሽናቸውን ደንቆሮ አድርገዋታል፤ ከዚያ ነቢይ ናት ይላሉ።

ኳሱ ግን ጆሮ አለው። ዳኞች ፊሽካው መቼ እንደተነፋ እንዲያጣሩበት ሆዱ ውስጥ ድምፅ መቅጃ ተቀብሮበታል። ፈትለወርቅ ዳኞቹ ቢሮ ሄዳ፣ ተጨቃጭቃ፣ ያንን አመጣች። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙ። ትንፋሽ፣ የጫማ ኮቴ፣ የቁር መጋጨት፣ ማቃሰት። ከዚያ አንድ ለስለስ ያለ፣ ግብዣ ላይ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ፦

«በሞቴ!»

ዱብ። ኳሱ መሬት መታ።

ሌላውን ጨዋታ ከፈቱ። ድምፁ ሌላ፣ ቃሉ አንድ። «በሞቴ ላንቄ፣ በሞቴ!» ዱብ።

ላንቃሞ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ዘርጋው ነው! የመጀመሪያው ዘርጋው ነው። ይኼ ውሻ!»

ዘርጋው አሁን የጉማሬዎቹ ተከላካይ ነው። አምና ግን አዞ ነበር፤ ከላንቃሞ ጋር አንድ ትሪ ላይ ይበላ ነበር። ያኔ ክንዷ አዲስ ናት፣ ገና ባለቤቷን እየለመደች ነው። ቡድኑ በሙሉ ገበታ ላይ ሲቀመጥ እሷን መፈተን ጨዋታቸው ሆነ። አንዱ ጉርሻ ያነሳል፤ ላንቃሞ «ጠገብኩ» ይላል፤ ክንዷ እጁን ትመክታለች። ሦስት ሰው ቢገፋት አትነቃነቅም። «በሞቴ!» ሲሉት ግን ትወርዳለች። ይስቃሉ። ምሳ በመጣ ቁጥር ይኼ ነው። ዘርጋው እየሳቀ አብሮ አጎረሰ፣ አየ፣ ምስጢሩን ያዘ፣ ለሌላ ቡድን ሸጠ።

«ያዝ» አለች ፈትለወርቅ፣ ክንዷን መልሳ ገጥማ፣ ትከሻው ላይ የነርቭ መስሚያ አስራለት። ኳሱን ሰጠችው፣ በሁለት እጇ ጎተተች። አልተነቃነቀም። እግሯን ወንበሩ ላይ ተክላ ጎተተች። ምንም። «በሞቴ» አለች።

ኳሱን ታቅፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ አልለቀቅኩም!» ጮኸ ላንቃሞ።

ተነስታ የነርቩን ምልክት የመስሚያው መስታወት ላይ አየች። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይመጣና፣ ቃሉ የተባለባት ቅጽበት ላይ ዝቅ ይላል። ትንሽ ነው። ግን አለ።

«ለቀቅክ እንጂ» አለችው። «እሷ ከራሷ አላመጣችውም። ካንተ ነው የወረደው።»

አላመነም። መስሚያውን አውልቃ ግራ እጁ ላይ፣ የሥጋ እጁ ላይ አሰረችለት። ያው ዝቅታ። ልዩነቱ ሥጋ ሰነፍ መሆኑ ብቻ ነው፤ ትእዛዙ ጣቱ ጋ እስኪደርስ ሰውየው ሐሳቡን ይለውጣል። ክንዷ ግን ፈጣን ታዛዥ ስለሆነች የመጀመሪያዋን ማመንታት ነው የምትፈጽመው። ፈትለወርቅ በንዴት መስሚያውን የራሷ እጅ ላይ አሰረች።

«በል ንገረኝ።»

«ምን ልበልሽ?»

«ቃሉን ነዋ!»

«በሞቴ፣ ፈትሌ።»

መስመሯ ዝቅ አለ። ከሱ እኩል። ይቺ ሰው የምትንቅ፣ ለማንም አልበገርም ባይ፣ ሰርግ ቤት ጠግቤያለሁ ብላ ስንቱን ጉርሻ እንደዋጠች ትዝ አላትና ተናደደች።

«እዘጋዋለሁ» አለች። «ይቺን ዝቅታ ክንዷ እንዳትሰማ አደርጋለሁ። ግን ለዘርጋው ብቻ ለይቼ ልዘጋው አልችልም። ለማንም ነው የሚዘጋው።»

«ዝጊው። ይሉኝታ ኳስ አያሲዝም።»

እዚህ ላይ ነው ፈትለወርቅ የተሞኘችው። የክለብ ንብረት ያለ ፈቃድ አይነካምና ለአቶ ልዑልሰገድ መንገር ነበረባት። ክንዷን ልጠግን ብላ መውጣት ስትችል፣ የነርቩን መስመር ዘርግታ አስረዳቻቸው። ብልህ ናት እንዲሏት ፈልጋ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። እሳቸው የላንቃሞን ነገር አልሰሙም። የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በሥጋም እጅ ይሠራል?»

«ዝቅ ማለቱ አለ። ቃሉን እየተናገሩ አብረው ከመነጨቁ ሊለቅ ይችላል።»

«የማንም እጅ?»

«የማንም።»

ዓይናቸው በራ። በማግስቱ የአዞ ተከላካይ ሁሉ ተሰልፎ «በሞቴ» ማለት ይለማመድ ጀመር። አንገቱ የበሬ የሚያክል ጎረምሳ ድምፁን አለስልሶ፣ ፊቱን እንደ ደግ አክስት አሳዝኖ፣ «በሞቴ፣ በሞቴ» ይላል። ተሳስቶ የሚቆጣ ካለ አሠልጣኙ ይጮህበታል፦ «ከልብህ በላት እንጂ አንተ!»

እሁድ ደረሰ። ዘርጋው ላንቃሞ ላይ ሦስቴ ተጠመጠመበት። «በሞቴ ላንቄ! አንድ ማዕድ የበላን! በሞቴ!» ክንዷ አልሰማችም። ላንቃሞ ዘርጋውን እየጎተተው ገብቶ አስቆጠረ። በሌላ በኩል አዞዎቹ ጉማሬዎቹን እያቀፉ ይለምኑ ያዙ፣ ያልጠበቁት ጉማሬዎች ኳሱን እየጣሉ ቆመው ቀሩ። ከእያንዳንዷ ንጥቂያ በኋላ አዞዎቹ ከጎሉ አጠገብ ጀመሩ። ጉማሬዎቹ ፈሩ፣ አከፋፋያቸው መወርወር ተወ፣ ነገሩ አለቀ። አቶ ልዑልሰገድ ሜዳ ገብተው ላንቃሞን ሳሙት።

«ዋንጫውን ካመጣህልኝ ክንዷ ያንተ ናት» አሉት ካሜራ ፊት።

ሜዳ ላይ የተገኘች ብልሃት ሜዳ ላይ አትቀርም። ሁሉም ቡድን «በሞቴ» ማለት ጀመረ። ደጋፊው በዜማ ያዘው፤ አንዱ ወገን «በሞ» ሲል ሌላው «ቴ» ይላል። ልጆች መንገድ ላይ ዳቦ ሲነጣጠቁ ይሉታል። ተጫዋቹ ቃሉን ሲለምደው ደግሞ መልቀቅ ተወ፤ ጉማሬዎቹ በፋንታው «አፈር ስሆንልህ» አመጡ። እሱም ለአንድ ሰሞን ሠራ፣ ተለመደ፣ ተበላ። «በናትህ» መጣ፣ ሄደ። አገሩ ያለውን ልመና ሁሉ ለእንቁላል ኳስ አውጥቶ ጨረሰው። ጉድ እኮ ነው!

ፈትለወርቅ የጎረቤቷ ልጅ ሰርግ ላይ ሄዳ ነገሩን በዓይኗ አየችው። የሙሽራው እናት ጉርሻ ጠቅልለው፣ «በሞቴ» አሉ። እንግዳው ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ኳስ እንደያዘ ሰው ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሸሸ። ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ሴትየዋ ጉርሻውን እንደያዙ ቆሙ፤ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። ሌላ ምን ያድርጉ?

በማግስቱ ፈትለወርቅ ወደ ክፍሏ የገባውን ሰው ሁሉ እጅ ላይ መስሚያዋን አሰረች። ቃሉን አለች። መስመሩ ቀጥ ብሎ መጥቶ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ራሷ ላይ አስራ ሰው አስባለች። ያው ቀጥታ። የላንቃሞ ክንድ ላይ ያደረገችው መዝጊያ ከእንግዲህ የሚዘጋው ነገር የለውም፤ ሰዉ በገዛ እጁ ዘግቶታል። ገማች ደግሞ በዚያው ሰሞን አዲስ ግኝት ተናገረች፦ ንጥቂያ በሁሉም ቡድን እኩል ሆኗል፣ ኳስ የሚነጠቅ ግን አሁንም ይሸነፋል። አቶ ልዑልሰገድ አጨበጨቡ።

የዋንጫው ፍጻሜ ጨዋታ ሲቃረብ ላንቃሞ ትከሻውን ይዞ መጣ። ፈትለወርቅ ነርቩን አየችና ክንዷን ከትከሻው ነቀለቻት።

«አብጧል» አለችው። «ያቺ ክንድ ምንም ሳትለቅ ስትጎተት ጉተታውን የሚቀበለው እሱ ነው። ፍጻሜውን ከተጫወትክ ይሞታል። ነርቭ ከሞተ ደግሞ ይቺም ሆነች ሌላ ክንድ አትሰማህም። ተራ ቁራሽ እንጨት ናት የምትሆነው። ክረምቱን ካረፍክ ይድናል።»

«ካረፍኩ ክንዷ የክለቡ ናት። ከተጫወትኩ የኔ ናት።»

«የምትሠራልህ ሳትሆን የምትሸከማት ነዋ!»

ክንዷን አልገጥምልህም አለችው። አቶ ልዑልሰገድ ግን ይኼንን ቀድመው ገምተው፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ያለ ማሽን፣ ሌላ ባለሙያ አቁመው ነበር። በጨዋታው ቀን ያ ሰው ገጠመለት። ፈትለወርቅ እየሮጠች ተጫዋቾቹ የሚወጡበት መተላለፊያ ደረሰች። ወደ ሜዳ ወርዳ አታውቅም፤ ጥበቃው እንኳ አላወቃትም። ላንቃሞ ቁሩን ደፍቶ ከሰልፉ ኋላ ቆሟል።

«ላንቃሞ!»

«ፈትሌ! አንቺም መጣሽ? ዛሬ ዝናብ ይጥላል!»

«አትግባ። ስማኝ፣ ክንድ ሌላ እሠራልሃለሁ። ከክለቡ ወጥቼም ቢሆን እሠራልሃለሁ። አንተ ብቻ ዛሬ አትግባ።» እጁን ያዘችው፣ የሥጋውን። «በሞቴ።»

ላንቃሞ ክንዷን ደረቱ ላይ አጥፎ ጎንበስ አለና ከት ብሎ ሳቀ። ከፊቱ የቆሙትም ዞረው ሳቁ።

«ኳሱ የታለና ነው?» አላት።

«አፈር ስሆንልህ!»

«እሱ የጉማሬዎቹ ነው!»

«በናትህ ላንቄ…»

«አቤት፣ ሁሉንም ታውቂያለሽ ለካ! አንቺን ነበር ተከላካይ ማድረግ!» ጭንቅላቷን በቁሩ ነካ አደረገና እየሳቀ ወደ ብርሃኑ ወጣ። ፈትለወርቅ ከኋላው ልትጮህ አፏን ከፈተች። የምታውቀውን የልመና ቃል ሁሉ በሆዷ ሞከረች፣ አንዱም ሳያስቅ የሚወጣ አልነበረም።

አዞዎቹ አሸነፉ። ላንቃሞ ላይ እየተጠመጠሙ የወደቁት ተከላካዮች ብዙ ናቸው፤ ኳሱን ያስለቀቀው የለም። ገማች ጨዋታው እንዳለቀ ተናገረች፦ ከላንቃሞ እጅ ምንም ንጥቂያ አልወጣም፣ እጅግ የተዋጣለት።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሲደርሱ ክንዷ አሁንም ኳሱን እንዳቀፈች ነበረች። ሁለት ሰው ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቆ አወጣው። አቶ ልዑልሰገድ ዋንጫውን እንደታቀፉ ብቅ ብለው፣ «ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ ክንዷ ያንተ ናት» አሉና ወደ ጭፈራው ተመለሱ።

ፈትለወርቅ አጠገቡ ተቀምጣ መስሚያዋን ትከሻው ላይ አደረገች። መስመር የለም። ቦታ ለውጣ ሞከረች፣ እንደገና ሞከረች። ላንቃሞ ፊቷን እያየ ነበርና መንገር አላስፈለጋትም። ክንዷ ጭኑ ላይ ተኝታለች፤ ጣቷን አንቀሳቅሶ ለማየት ግንባሩ እስኪያልበው ታገለ፣ ከዚያ ተወው።

«ለምን አጥብቀሽ አልለመንሽኝም?» አላት በመጨረሻ።

«ለመንኩህ እኮ!»

ላንቃሞ ግራ ተጋብቶ አያት። የምሩን ነው።

«መቼ?» አለ።